ከዳን እስከ ቤርሳቤህ፤ የአንድ ሌሊት ቆጠራ

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ለመቁጠር በወደደ ጊዜ ለሠራዊቱ አለቃ ለኢዮአብ የሰጠው ትእዛዝ ከዳን ጀምሮ እስከ ቤርሳቤህ የሚደርስ እንደ ነበረ፣ ኢዮአብም ነገሩ ደስ ሳያሰኘው ምድሪቱን ዞሮ የነገዶቹን ቁጥር ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም እስኪመለስ ድረስ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን እንደ ፈጀበት፣ ከዚያም በኋላ የንጉሡን ልቡና ጸጸት እንደ ያዘውና በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት እንደ መጣ፣ መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ወይም ሲነበብ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ያች የቆጠራው ዳርቻ የነበረች ቤርሳቤህ ዛሬ በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ ዋና ከተማ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲዋንና ታላቁን የሶሮካ ሆስፒታል ይዛ፣ ከጎንደር ዙሪያ ከየመንደሩ ተነሥተው በሱዳን ወይም በአዲስ አበባ በኩል የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት ከተማ ናት። በየምርጫውም ሌሊት እንደ ገና ትቆጠራለች፤ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ተገልብጦ፣ ያን ጊዜ ንጉሥ ሕዝቡን እንደ ቆጠረ፣ ዛሬ ሕዝቡ ለሚያስተዳድሩት ሰዎች የሰጠውን ፈቃድ ራሱ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ወር የፈጀውም ሥራ አብዛኛው ከምሽት እስከ ነግህ ይፈጸማል።

ብዙዎቻችን የምርጫን ሌሊት የምናውቀው በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ቁጥሮች ሲወጡና ሲወርዱ፣ በአንዱ አዳራሽ ሲጨፈርና በሌላው ሲለቀስ በማየት ነው። ቁጥሩ ከየትኛው እጅ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ እንደሚደርስ፣ የትኛው ግምት፣ የትኛውስ እውነተኛ ቆጠራ እንደ ሆነ፣ የመጨረሻውም ወረቀት የማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ለመግለጽ ከዚህ ከተማ አንድ ሌሊት መርጬ፣ በዚያ ሌሊት ዙሪያ ከቀደሙትና ከሩቅ አገር ከተደረጉት ጥቂቱን እተርካለሁ። ሰዓቱን እዚህ አገር በሚነገረው ልማድ፣ ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገር ቤቱ ምርጫ ሲነሣ ግን ዓመተ ምሕረታችንን እጠብቃለሁ።

ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ማታ፣ በከተማችን ካሉት የቆዩ ሕንጻዎች ባንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። እኒህ እናት በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው። ወንበሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው በተቀመጡበት አውሮፕላን ውስጥ፣ በግንባራቸውና በልብሳቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ የአምስት ልጆቻቸውን ራስ በጨለማ እየዳሰሱ «ሞልታችኋል? ሞልታችኋል?» ሲሉ እንዳደሩ ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። ያን ጊዜ የተለጠፈባቸው ቁጥር ሌላ ሰው የቆጠረው ነበረ፤ እርሳቸው ግን የሚያምኑት በእጃቸው የዳሰሱትን ቁጥር ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት መታወቂያቸውን፣ እዚህ ሁላችንም ቴዑዳት ዜሁት የምንለውን፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ለምርጫ ወደ ተለቀቀው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄደው መርጠዋል። ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት እዚህ አገር እጅግ ያረጀና እጅግ የቀለለ ነው። መራጩ ስሙ በመዝገብ ላይ ከተረጋገጠ በኋላ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ፣ በክፍልፍል ሣጥን ከተደረደሩት ትናንሽ ወረቀቶች የወደደውን ፓርቲ አንድ ወረቀት አንሥቶ በፖስታው ይከታል፤ ወጥቶም ቀልፒ በሚባለው ሣጥን ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ይጥለዋል። በወረቀቶቹ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ለፓርቲው የተሰጠው ፊደል ነው፤ በዚያ ምርጫ የሊኩድ ማሐል፣ የሠራተኞች ፓርቲ ኤሜት፣ የብሔራዊ አንድነቱ ኬን እያለ ይቀጥል ነበር። እኒህ እናት ዕብራይስጥ እንደ ልብ አያነቡም፤ ነገር ግን አባታቸው ቄስ ስለ ነበሩና የኦሪቱን የግእዝ መጽሐፍ ሲገልጡ እያዩ ስላደጉ፣ ፊደልን በመልኩ መለየት አይሳናቸውም። «ይቺ ሺን የምትሏት የእኛን ንጉሡ ሠ አይደለችም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሁለቱ ፊደሎች በእርግጥም የአንድ አያት ልጆች መሆናቸውን ተመልክቼ ተደንቄአለሁ።

ከምሽቱ 10 ሰዓት ሲሆን በየከተማው ያለው ቀልፒ ይዘጋል፤ በዚያችው ቅጽበት ሦስቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ካን 11፣ ጣቢያ 12 እና ጣቢያ 13፣ ማድጋም የሚባለውን ግምታቸውን ይገልጣሉ። ይህ ግምት እንዲህ ይሠራል፦ የአገሩን ሕዝብ በስብጥር ይመስላሉ ተብለው ከተመረጡ ጥቂት የምርጫ ጣቢያዎች ደጃፍ ላይ ሌላ ሣጥን ይቀመጣል፤ መርጦ የሚወጣውም ሰው ፈቃዱ ከሆነ በውስጥ ያደረገውን በዚያ ሣጥን ዳግመኛ እንዲያደርግ ይለመናል። ስለዚህ ግምቱ ከቅድመ ምርጫ መጠይቅ ይሻላል፤ ሰውየው የሠራውን እንጂ የሚያስበውን አልተጠየቀምና። ዳሩ ግን የውጭው ሣጥን ከ10 ሰዓት በፊት ስለሚሰበሰብ በመጨረሻው ሰዓት የመጡት ያመልጡታል፤ አልፈቅድም ብሎ የሚሄደውም ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም በላይ በጥቂት ሺህ ድምፅ ብቻ የሚለያዩትን ፓርቲዎች ይህን በመሰለ ወንፊት አጣርቶ መለየት አይቻልም።

በዚያ ምሽት ግምቱ በቤንያሚን ኔታንያሁ ለሚመራው ወገን ክኔሴት ከሚባለው ምክር ቤት 120 መቀመጫዎች 61 ወይም 62 እንደሚደርሰው ተናገረ። በአንዱ አዳራሽ ጭፈራው ሲነሣ እናታችን ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዘወር አሉና «የልጄ ልጅስ? የእርሱ ድምፅ ተቆጠረ?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው በዚያ ሰሞን በወታደርነት ላይ ነበርና በሰፈሩ ሳይሆን በጦር ሰፈሩ ውስጥ መርጧል። «ገና ነው፣ እናቴ፤ የወታደሩ ፖስታ የሚከፈተው መጨረሻ ነው» አልኋቸው። «ታዲያ ገና ሳንሞላ ምን ብለው ይጨፍራሉ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ከአረጋዊት አንደበት የወጣ የዋህ ቃል ይምሰል እንጂ፣ የእስራኤል የምርጫ ታሪክ በሙሉ ምስክር የሚሆነው ጥልቅ ነገር ነው። ሜይ 17 ቀን 1977 ሐይም ያቪን የተባለው ታዋቂ የዜና አቅራቢ የመንግሥቱን መገልበጥ በአንድ ቃል፣ ማሐፓኽ ብሎ፣ ከቴሌቪዥኑ ባወጀ ጊዜ ግምቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ አገሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የመራው የሠራተኞች ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የምሽቱን ግምት እንደ ትንቢት ማየት ለመደ፤ ነገር ግን ሜይ 29 ቀን 1996 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ፣ ግምቱ የሠራተኞች ፓርቲው ሺሞን ፔሬስ በጠባብ ልዩነት እንደ መሩ ነግሮ ሰው አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ፣ ሌሊቱን ቆጠራው ቀስ በቀስ ዘነበለና ንጋት ላይ ኔታንያሁ በ30 ሺህ በማይሞላ ድምፅ አሸንፈው ተገኙ። ከፔሬስ ጋር ተኝተን ከኔታንያሁ ጋር ነቃን የሚለው የሰዉ አነጋገር የዚያ ሌሊት ልጅ ነው።

ያ ሌሊት ለእኛ ሌላም ትርጓሜ ነበረው። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ፣ ወገኖቻችን የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ እንደ ኖረ ተገልጦ፣ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥቶ በምሬት ጮኾ ነበር፤ ወራት ሳያልፉ በተደረገው በዚህ ምርጫ ደግሞ አዲሱ መሳላ በሠራተኞች ፓርቲ መዝገብ ተመርጦ በኢትዮጵያ ከተወለዱት ወደ ክኔሴት የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ደሙ የተደፋበት ሕዝብ ድምፁ ሲቆጠር ያየበት ሌሊት ነውና፣ በየቤቱ ነቅቶ ያደረው ሰው ስለ ፔሬስና ስለ ኔታንያሁ ብቻ የነቃ አልነበረም።

በኋለኞቹም ዓመታት ግምትና ቆጠራ እየተለያዩ ኖረዋል። ማርች 17 ቀን 2015 ከሦስቱ ጣቢያዎች ሁለቱ ሊኩድን 27፣ ተወዳዳሪውንም 27 አድርገው አስተካከሏቸው፤ ከወገኖቻችን አንዱ የሆኑት አቶ አብርሃም ንጉሤ በሊኩድ መዝገብ የቆሙት በ27ኛው ተራ ላይ ስለ ነበረ፣ ያን ምሽት በግምቱ መሠረት በመጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው አመሹ ማለት ነው፤ ሲነጋ ግን ሊኩድ ወደ 30 ከፍ ብሎ፣ ተወዳዳሪው ወደ 24 ዝቅ ብሎ፣ እርሳቸውም ያለ ሥጋት ገቡ። ኤፕሪል 9 ቀን 2019 ደግሞ የሊኩድ ተወዳዳሪ የካሖል ላቫን መሪ ቤኒ ጋንትስ በግምቱ ተደግፈው የድል ንግግር አደረጉ፤ ቆጠራው ሲያልቅ ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች 35 ለ35 ቆመው ተገኙ፤ መንግሥት የማቋቋሙም ዕድል ከእጃቸው አመለጠ። በዚያው ምርጫ አዲሱ ቀኝ የተባለው ፓርቲ ወደ ምክር ቤት ለመግባት ከሚያስፈልገው ድምፅ 1,500 ገደማ ብቻ ጎድሎበት፣ የወታደሮቹ ድምፅ ያድነኛል ብሎ ቀናት ጠብቆ፣ በመጨረሻ ከደጅ ቀረ።

እንግዲህ ግምቱ በብርሃንና በሙዚቃ ታጅቦ በሚነገርበት ሰዓት፣ እውነተኛው ቆጠራ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ በሕፃናት ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ድምቀት ይጀመራል። የልዩ ልዩ ፓርቲዎች ተወካዮችና የጣቢያው ጸሐፊ በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ፖስታዎቹ ይቆጠሩና ከመራጮቹ መዝገብ ጋር ይመሳከራሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ፊደሉ ጮኽ ብሎ ይነበባል። አንዱ ያነብባል፤ ሌላው ያያል፤ ሦስተኛው በመስመር ላይ መስመር እያሰመረ ይመዘግባል። በፖስታው ውስጥ የአንድ ፓርቲ ሁለት ወረቀት ቢገኝ እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠራል፤ የተለያዩ ፓርቲዎች ወረቀቶች ቢገኙ ግን ድምፁ ይፈርሳል። በመጨረሻም ሁሉም የሚፈርሙበት ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቁጥሩም ወደ አውራጃው ኮሚቴ ሄዶ ከተመረመረ በኋላ በኮምፒዩተር ይገባና፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሰብሳቢነት በሚመራው በማዕከላዊው የምርጫ ኮሚቴ በኩል ለሕዝብ ይታያል። በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለው ጣቢያ ከ10 ሺህ በላይ ነው።

የዚህን ሥርዓት ጥበብ ለማስተዋል የቤርሳቤህን ሌላ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን በዚችው ከተማ ፈራጆች አድርጎ ሾማቸው፤ እነርሱ ግን ጉቦ እየበሉ ፍርድን አጣመሙ፤ ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ንጉሥ አንግሥልን እስከ ማለት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነበር። በአንድ ሰው ደግነት ብቻ የቆመ ፍርድ፣ ያ ሰው ወይም ልጁ በተበላሸ ጊዜ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ የምርጫው ሕግ ደግ ሰው ፈልጎ ሣጥኑን ለእርሱ ብቻ አደራ አልሰጠም፤ እርስ በርሳቸው የማይተማመኑትን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እንዲጠብቅ አደረገ። ባላንጣው የፈረመበት ቁጥር ከወዳጅ ምስክርነት ይልቅ የጸና ነው።

በዚያ ሌሊት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ዓይናችን የተተከለው በታላላቆቹ ቁጥሮች ላይ ሳይሆን አሑዝ ሐሲማ በሚባለው ወሰን ላይ ነበር። ይህ ማለት አንድ ፓርቲ ወደ ክኔሴት ለመግባት ከጠቅላላው ትክክለኛ ድምፅ ቢያንስ 3.25 ከመቶ ማግኘት አለበት ማለት ነው። ወሰኑ በድሮ ዘመን 1 ከመቶ ብቻ ነበረ፤ በ1992 ወደ 1.5፣ ቀጥሎም ወደ 2፣ በ2014 በወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 3.25 ከፍ አለ። ከወሰኑ በታች የቀረ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ሁሉ ከመቀመጫው ክፍፍል ይወጣል። አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ማርች 23 ቀን 2021፣ የጎረቤቶቻችን የኔጌቭ ቤድዊኖች አብዝተው የሚመርጡት ራዓም የተባለው የዐረቦች ፓርቲ በምሽቱ ግምት ከወሰኑ በታች ተጥሎ ነበር፤ ሌሊቱን የየመንደሩ ቀልፒ ሲቆጠር ግን ተሻግሮ 4 መቀመጫ አገኘ፤ በዚያውም ዓመት በጁን በተቋቋመው መንግሥት ጥምረት ገባ። ምሽት ላይ የለም የተባለ ሕዝብ ንጋት ላይ መንግሥትን የሚያቆም ሆኖ ተገኘ።

በ2022 ግን ነገሩ በሌላ ፊት መጣ። ሜሬጽና ባላድ የተባሉት ሁለት ፓርቲዎች በወሰኑ ላይ እየወጡና እየወረዱ አድረው፣ የፊተኛው በ3.16 ከመቶ፣ የኋለኛውም በ2.9 ከመቶ ቀሩ፤ ሜሬጽ የጎደለው 4 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ ነበረ። የሁለቱ 290 ሺህ ያህል ድምፅ ከክፍፍሉ በመውጣቱ፣ በጥሬ ድምፅ በ30 ሺህ ያህል ብቻ የተለያዩት ሁለት ወገኖች በመቀመጫ 64 ለ56 ሆነው ተለያዩ። ማን ደስ ይበለው፣ ማን ይዘን የሚለውን ለየልባችን ትቼ፣ የቁጥሩን ትምህርት ብቻ ላመልክት፤ ከአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ ያነሰ ሰው ቤቱ በመዋሉ ወይም በመሄዱ የአገር መንገድ ሊለወጥ ይችላል።

ይህን ወሰን ከእኛ ቁጥር ጋር ያስተያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይገለጥለታል። በዚያ ምርጫ ወሰኑን ለመሻገር 155 ሺህ ያህል ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በእስራኤል የሚኖረው ከኢትዮጵያ የመጣና የተወለደለት ሕዝብ በጠቅላላው ከ160 ሺህ በላይ ነው። እንግዲህ በጀርባ የታዘለው ሕፃን ሳይቀር ሁሉ ለአንድ ወገን ቢመርጥ እንኳ ወሰኑን መሻገሩ ለጥቂት ነው። በ2006 አብርሃም ንጉሤ የመሩት አቲድ ኤሐድ የተባለው ፓርቲ ተወዳድሮ ሳይሻገር የቀረውም በጊዜው ወሰኑ ከዛሬው ዝቅ ብሎ ሳለ ነበር። ስለዚህ ወገኖቻችን የሄዱበት መንገድ በየታላቁ ፓርቲ መዝገብ ውስጥ መግባት ሆነ፤ ሽሎሞ ሞላ በካዲማ፣ ሺሞን ሰሎሞንና ፕኒና ታመኖ ሻታ በ2013 ከተጠበቀው በላይ 19 መቀመጫ ባገኘው በዬሽ አቲድ፣ ጋዲ ይባርካን በ2019 በካሖል ላቫን ገቡ። ፕኒና በሕፃንነቷ በሱዳን በኩል በተደረገው በዘመቻ ሙሴ የመጣች፣ በ2020 ከኢትዮጵያ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ ሚኒስትር የሆነች ናት፤ በ2022ም እርሷ በብሔራዊ አንድነቱ፣ ሞሼ ሰሎሞን ደግሞ በሃይማኖታዊ ጽዮናውያን መዝገብ ተመርጠዋል። ለዚህ ነው የእኛ ሰው በምርጫ ሌሊት የሚከታተለው የፓርቲዎቹን ድልና ሽንፈት ብቻ ሳይሆን፣ በየመዝገቡ ውስጥ ያለውን የወገኑን ተራ ቁጥር ጭምር የሆነው። አንድ መቀመጫ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ የአንድ የታወቀ ሰው ስም ይገባል ወይም ይወጣል።

ያም የመጨረሻው መቀመጫ የሚወሰነው ከ1973 ጀምሮ በሚሠራበት፣ በሁለት የምክር ቤት አባላት ስም ባደርና ዖፈር በሚባለው ስሌት ነው። በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። ወሰኑን የተሻገሩት ሁሉ ድምፅ ለ120 ሲካፈል የአንዱ መቀመጫ ዋጋ ይገኛል፤ በ2022 ይህ 36 ሺህ ገደማ ነበረ። እያንዳንዱ ፓርቲ በሙሉ ቁጥሩ ልክ ከተሰጠው በኋላ ጥቂት መቀመጫዎች ይተርፋሉ። 390 ሺህ ድምፅና 10 መቀመጫ ያለው ፓርቲና 175 ሺህ ድምፅና 4 መቀመጫ ያለው ፓርቲ ለአንዲት ትርፍ መቀመጫ ቢወዳደሩ፣ የፊተኛው ድምፅ ለ11፣ የኋለኛውም ለ5 ይካፈላል፤ 35,454 እና 35,000 ይሆናል፤ ስለዚህ መቀመጫይቱ ለፊተኛው ትሄዳለች። ሁለት ፓርቲዎች አስቀድመው ከተዋዋሉም ትርፋቸው በአንድነት ይታሰባል። ንጋት ላይ የታየ መቀመጫ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስውር እጅ ገብቶበት አይደለም።

ከሁሉ በኋላ የሚቀረው የድርብ ፖስታው ቆጠራ ነው። በጦር ሰፈር ያለ ወታደር፣ በሶሮካና በመሰሉት ሆስፒታሎች የተኛ በሽተኛ፣ ከእርሱም አጠገብ በዚያች ሌሊት የወለደች እናት፣ በወህኒ ያለ እስረኛ፣ በውጭ አገር ያለ ዲፕሎማት፣ በሰፈራቸው መዝገብ ፊት ቀርበው መምረጥ የማይቻላቸው ስለ ሆነ፣ ድምፃቸውን በፖስታ ከትተው፣ ያን ፖስታ ደግሞ ስማቸው በተጻፈበት ሁለተኛ ፖስታ ይከቱታል። የውጭው ፖስታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ሰውየው በሰፈሩም መርጦ እንደ ሆነ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ፣ ሁለት ጊዜ አለመምረጡ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የውስጡ ፖስታ ስም ከሌላቸው ፖስታዎች ጋር ተደባልቆ ይከፈታል። ቁጥሩ በመቶ ሺዎች ነው፤ የብዙ መቀመጫዎች ዕጣም በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከቤቱ የራቀው፣ የታመመውና ዘብ የቆመው ሰው በመጨረሻ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሳይቆጠር አይቀርም፤ እርሱም ሳይቆጠር ውጤቱ ውጤት አይባልም።

ከእኛ ምርጫ በኋላ በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 8 ቀን፣ አሜሪካውያን የአጋማሽ ዘመን ምርጫቸውን አደረጉ፤ ይህም ፕሬዚዳንቱ በዘመኑ መካከል ሳለ 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ100ውም የሴኔት መቀመጫዎች ሲሶው ያህል የሚመረጡበት ነው። በቨርጂኒያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሉን ሰዎች ያንንም ሌሊት በስልክ አጠገብ አነጋነው፤ በዚያ ከምሽቱ 7 ሰዓት ጣቢያዎቹ ሲዘጉ እዚህ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነበርና። በአሜሪካ እንደ እዚህ ያለ አንድ ማዕከላዊ ኮሚቴ የለም፤ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ይቆጥራል፤ ከ1848 ጀምሮ የምርጫን ውጤት ሲሰበስብ የኖረው አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪልም አሸናፊውን ከይፋዊው ውጤት ቀድሞ ይናገራል። በፖስታ የተላኩት ድምፆች በአንዳንዱ ግዛት ቆይተው ስለሚቆጠሩ፣ የተወካዮቹ ምክር ቤት አብላጫ የሆነው 218ኛው መቀመጫ ለሪፐብሊካኖቹ መድረሱ የተነገረው ኖቬምበር 16 ቀን ነበር። ስምንት ቀን መጠበቁ ለብዙ ሰው ጥርጥርን ያመጣል፤ ይሁን እንጂ ቆጠራ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ለመስረቅ ሳይሆን ላለመሳሳት ነው።

በአገር ቤትም ሕዝቡ የቆጠራን ሌሊት ከሁሉ ይልቅ በጉጉት የጠበቀው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ሰልፉ እስከ ምሽት ድረስ ረዝሞ፣ ቁጥሩ በየጣቢያው ደጃፍ ላይ ተለጥፎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅንጅት የተባለው ተቃዋሚ ወገን ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን እንደ ወሰደ ሲሰማ፣ ቤርሳቤህ ላይ ሆነን በስልክ የምንሰማው ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የመላው አገሩ ውጤት ዘገየ፤ መንግሥትና ተቃዋሚ በአንድ ቁጥር ላይ መፈረም ተሳናቸው፤ በሰኔና በጥቅምት የብዙ ሰው ደም በጎዳና ፈሰሰ። ያን ሐዘን ሳስብ፣ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ባላንጦች የሚፈርሙባት አንዲት ወረቀት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች ይገባኛል፤ የወረቀቷ ዋጋ የአሸናፊው ድል ሳይሆን የተሸናፊው ሰላም ነው።

ወደ እናታችን ቤት ልመለስ። ያን ሌሊት አቦሉ ከግምቱ ጋር፣ ቶናው ከመጀመሪያው ቆጠራ ጋር ተጠጣ፤ ለበረካው ግን እሺ አላሉንም፤ ልጁ ሲመጣ ይጠጣል አሉ። ንጋት ላይ አሸናፊው ለሁሉ በታወቀ ጊዜ፣ በጎዳናው ላይ የመኪና ጥሩንባ ሲነፋ፣ እርሳቸው መስኮቱን ዘግተው ተኙ።

ሐሙስ ማታ፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ የመጨረሻው ድርብ ፖስታ ተቆጥሮ ማለቁ ከተነገረ በኋላ ሄድሁባቸው። ሰፌድ በጉልበታቸው ላይ አድርገው ለሰንበት የሚሆን ምስር ይለቅሙ ነበር፤ ድንጋዩን በጣታቸው ጫፍ እየለዩ ወደ ዳር ይገፉታል።

«ተቆጠረ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ተቆጠረ፣ እናቴ። የወታደሩም፣ የበሽተኛውም፣ ሁሉም ተቆጠረ።»

ጣታቸው በምስሩ ላይ ጥቂት ቆመ። «እንግዲህ ሞላን» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው ማን እንዳሸነፈ የጠየቁኝ።